ያልደወለው ሰው

አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ሥራውን አጣ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ቀልድ ይመስል ነበር። ሰውየው ኬልቪን ሳምፕሰን ይባላል፤ ሥራው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ማሠልጠን ነበር። ጊዜው ፌብሩዋሪ 2008 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቡድኑ በዚያ የውድድር ዘመን 22 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው በ4 ብቻ ነበር። አምስት ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነ ዩኒቨርሲቲ፣ ቅርጫት ኳስን እንደ ሃይማኖት በያዘ ሕዝብ መሀል፣ ቡድኑ እያሸነፈ ሳለ አሠልጣኙን 750,000 ዶላር አስጨብጦ ሸኘው። በወረቀት ላይ ለቀቀ ተባለ። በገንዘብ የታጀበ መልቀቂያ ምን ማለት እንደሆነ ግን ለማንም አይጠፋውም። እኛ አገር ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንላለን፤ እዚያ ሲሻርም ይበላል።

ጥፋቱን ለመረዳት የአሜሪካ ኮሌጅ አሠልጣኝ እንጀራውን የሚያገኘው በሜዳው ላይ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለውን ረጅሙን፣ ፈጣኑን፣ እጁ ቅርጫቱን የማይስተውን ልጅ ከሌሎች ቀድሞ ማግኘትና ማግባባት አለበት። ምልመላ ይሉታል። የኮሌጆቹ የጋራ ማኅበር ኤንሲኤኤ በምልመላ ላይ ብዙ ገደብ አኑሮ ነበር፤ ከእነዚያ አንዱ አሠልጣኝ አንድን ልጅ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት በስልክ ማነጋገር እንደሚችል የሚወስን ነው። ሳምፕሰን ቀደም ሲል በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ከ2000 እስከ 2004 ድረስ፣ እሱና ረዳቶቹ 577 ያልተፈቀዱ ጥሪዎች ማድረጋቸው ተደረሰበት። በ2006 ወደ ኢንዲያና ሲዛወር ማኅበሩ ለአንድ ዓመት ለተመልማዮች እንዳይደውል አገደው። በእገዳው ጊዜ ግን ረዳቱ ልጁ ጋ ይደውላል፤ ከዚያ ሳምፕሰንን በዚያው መስመር ያስገባዋል፤ ሦስቱም ያወራሉ። ነገሩን በ2007 ያጋለጠው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ለአሠልጣኙ ሊጨምርለት የነበረውን 500,000 ዶላርም አስቀረበት። ማኅበሩ ይባስ ብሎ ለመርማሪዎች ሐሰት ተናግሯል ሲል ከሰሰው። እሱ እያወቅሁ አልዋሸሁም ብሎ ተከራከረ፤ አልተቀበሉትም። በኖቬምበር 2008 የአምስት ዓመት ቅጣት ተጣለበት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እሱን መቅጠር የሚፈልግ ኮሌጅ ማኅበሩ ፊት ቀርቦ ምክንያቱን ማስረዳት ነበረበት።

አሁን ነገሩ ይጣመማል። በ2012 አጋማሽ ኤንሲኤኤ በወንዶች ቅርጫት ኳስ ያንን የስልክ ገደብ አነሳ። የሁለተኛ ደረጃን ሁለተኛ ዓመት ለጨረሰ ልጅ አሠልጣኝ የፈለገውን ያህል ይደውል፣ የፈለገውን ያህል መልእክት ይላክ ተባለ። የሳምፕሰን ቅጣት ገና ከአንድ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ሕጉ ሞቶ ተቀጪው ግን ቅጣቱን እየተሸከመ ነበር።

ይህ ለስፖርት ተንታኝ ትንሽ ግርምት ነው፤ ለሚያስብ ሰው ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ሕጉ ከተነሳ በኋላ ጥፋቱ የት ሄደ? ያኔም ጥፋት አልነበረም እንበል? ወይስ ጥፋቱ ከሕጉ ውጭ በሌላ ነገር ላይ ቆሞ ነበር?

አሠልጣኝ በደንብ ጥሰት ሲባረር የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጎራ ይከፈላል። የመጀመሪያው ጎራ ሕግ ሕግ ነው ይላል። ይህ አባባል ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአባቶቻችን ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ የሮጠም ሆነ የተቆጣ፣ እግሩን ይተክል ነበር። የዚያ ጥሪ ኃይል ሕጉ መልካም ነው ወይ ብሎ አለመጠየቁ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁም፤ ክርክሩ ዳኛ ፊት ይሆናል። በዚህ ጎራ ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ፤ መለኪያ ግን የለውም። ኤንሲኤኤ በአንድ ወቅት ለተጫዋቾች ቤግል የሚባለውን ዳቦ መስጠት ይፈቅድ፣ ዳቦው ላይ የሚቀባውን ግን ይከለክል ነበር። መጣስ ሁሉ አንድ ከሆነ ዳቦ የቀባውና ጨዋታ የሸጠው አንድ ሚዛን ላይ ሊወጡ ነው። ይህን የሚቀበል ዳኛ የለም።

ሁለተኛው ጎራ ደግሞ ስልክ ምን ነውር አለው፣ ሁሉም ያደርገዋል ይላል። ይህ መከራከሪያ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ሲመረምሩት ራሱን ያፈርሳል። በእርግጥ ሁሉም ቢደውል ኖሮ ተጨማሪው ጥሪ ምንም አይጠቅምም ነበር፤ የልጁ ስልክ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ የአንዱ ድምፅ ከሌላው አይለይም። ሰው ለማይጠቅም ነገር ሥራውን አያስይዝም። አንድ አሠልጣኝ ከገደቡ በላይ የሚደውለው ሌላው እንደማይደውል ስለሚያውቅ ነው። ሁሉም ያደርገዋል የሚለው ሰው ሁሉም እንደማያደርገው ከማንም በላይ ያውቃል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም የሚያሸንፈው እሱ ነው። ጥፋቱ ትንሽ ነው፣ ውሸቱ ግን ትልቅ ነው ይላል። የብሩስ ፐርልን ታሪክ ለዚህ ያነሱታል። ፐርል የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሳለ በ2008 ለጉብኝት የመጡ ተመልማዮችን ቤቱ ጠርቶ ሥጋ ጠበሰላቸው። ልጆቹ በነበሩበት የትምህርት ደረጃ ከግቢ ውጭ ማስተናገድ ክልክል ነበር፤ እሱም ያንኑ እዚያው ለእንግዶቹ ነገራቸው፤ ለማንም እንዳትናገሩም አለ። በ2010 መርማሪዎች የግብዣውን ፎቶ ሲያሳዩት የገዛ ቤቱን አላውቀውም አለ። በኋላ እያለቀሰ አመነ፤ በማርች 2011 ተባረረ፤ የሦስት ዓመት ቅጣትም ተከተለው። ጥብሱን ብቻ ቢያምን ኖሮ ቅጣቱ ከተግሣጽ ብዙም ባልዘለለ ነበር ይባላል፤ ያባረረው ጥብሱ ሳይሆን ክህደቱ ነው።

ይህ ፍርድ ልብ ያሳርፋል፤ እኔ የምጠረጥረውም ስለሚያሳርፍ ነው። ውሸት ለቀጪው ከሁሉ የተመቸ ወንጀል ነው። ሰውን በውሸቱ የቀጣ ተቋም ደንቡ ለምን እንደወጣ ማንም አይጠይቀውም። ጅል ደንብ አውጥቶ ሰዎችን ወደ ድብብቆሽ መግፋት፣ ከዚያ በመደበቃቸው መቅጣት ይቻላል፤ የቀጪው እጅም ንጹሕ መስሎ ይታያል። በልጅነታችን አብዛኞቻችን ከእውነት ይልቅ ውሸት የተማርነው ጥያቄ ከማይፈቅዱ አባቶች ዘንድ ነው። ስለዚህ ውሸት ከባድ ነው የሚለውን ባልክድም የጥፋቱን ሥር አገኘሁ ለማለት አይበቃኝም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው።

ሥሩን ፍለጋ ወደ ቤታችን ልመለስ። እቁብ የገባ ሰው ይህን ነገር ያለ ፈላስፋ ያውቀዋል። አሥር ሰዎች በየወሩ እኩል ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለት ጠቅላላውን ይወስዳል። እንበልና አንዱ በመጀመሪያው ወር ወጣለት፤ ተቀብሎ ጠፋ። ጓደኞቹ ሲያገኙት ምን ይላል? የእቁቡ ደንብ የማይረባ ነበር ቢል ልክ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ትንሽ ነበር ቢልም ልክ ሊሆን ይችላል። ከዓመት በኋላ እኮ እቁቡ ራሱ ፈርሶ ሁላችሁም ባንክ ማስቀመጥ ጀመራችሁ ቢላቸው ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ አንዱም ዕዳውን አይነካውም። ሰውየው የበላው ደንቡን አይደለም፤ የዘጠኙን ታማኝነት ነው። ዘጠኙ ባይጥሉ ኖሮ የሚወስደው አልነበረም። ጥቅሙ ከእነሱ መታዘዝ የተጋገረ ነው፤ መታዘዙን ግን ለእነሱ ብቻ ተወላቸው።

ደንብ መጣስን ጥፋት የሚያደርገው ይህ ይመስለኛል። ደንቡ ጥበበኛ መሆኑ ወይም ዘላቂ መሆኑ አይደለም፤ ሌሎች እያከበሩት መሆኑ ነው። ከ2000 እስከ 2004 በሌላ ኮሌጅ የተቀመጠ አንድ አሠልጣኝ እናስብ። ልጁን ሊያነጋግረው ይፈልጋል፤ ቀኑን ይቆጥራል፤ አልደረሰም። ስልኩን መልሶ ያስቀምጠዋል። በዚያች ሰዓት ሌላ ሰው ደውሎ ልጁን ያስቀዋል፣ ስለ እናቱ ጤና ይጠይቀዋል፣ ወዳጅ ይሆነዋል። ገደቡ በ2012 ስለተነሳ ያልደወለው ሰው የጠበቀው ቀን አይመለስለትም። ሕጉ ሲሞት ዕዳው አብሮ የማይሞተው ለዚህ ነው፤ ዕዳው ለሕጉ አልነበረምና። ሳምፕሰን በዚያው ዘመን የአሠልጣኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ማገልገሉን ስንጨምርበት ነገሩ የእቁቡ ሰብሳቢ በልቶ እንደ መጥፋት ይሆናል።

ፐርልም በዚህ ሚዛን ሌላ መልክ ይይዛል። በ1989 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሠልጣኝ ሳለ ሌላ ኮሌጅ የመረጠ አንድ ወጣት ተጫዋችን በስልክ እያነጋገረ በስውር ቀዳው፤ ቅጂውንም ተቀናቃኙ ኢሊኖይ ደንብ ጥሷል ብሎ ለኤንሲኤኤ አስረከበ። ማኅበሩ ዋናውን ክስ ባያጸናም ኢሊኖይን በሌሎች ጥፋቶች ቀጣ። ያን ጊዜ ፐርል በራሱ ዓይን ያልደወለው ሰው ነበር፤ ታማኝነቱ የተበላበት። ከ19 ዓመት በኋላ ምድጃው አጠገብ የቆመው ራሱ ነው። መበደልን መቅመስ ከመበደል እንደማያድን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

መለኪያዬ ግን ሁሉንም ቢያንቀው ጥሩ መለኪያ አይሆንም። ስለዚህ አስቸጋሪውን ጉዳይ ላምጣ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ጂም ኦብራየን በ1998 መጨረሻ ለአንድ ወጣት ተጫዋች ቤተሰብ 6,000 ዶላር ላከ። ወጣቱ አሌክሳንዳር ራዶዬቪች ይባላል፤ ከዩጎዝላቪያ የመጣ ከሁለት ሜትር ከሃያ የሚበልጥ ልጅ ነው፤ አገሩ ጦርነት ያደቀቃት፣ ቤተሰቡም በችግር ላይ ነበር። ኤንሲኤኤ ለተመልማይ ቤተሰብ ገንዘብ መስጠትን አጥብቆ ይከለክል ነበር። ኦብራየን ግን ልጁ አገሩ ሳለ ከፕሮፌሽናል ቡድን ገንዘብ መቀበሉን ስለማውቅ ለኮሌጅ ሊጫወት እንደማይችልም አውቄ ነበር፤ ለሰው ችግር የተሰጠ ብድር እንጂ ምልመላ አልነበረም አለ። በእርግጥም ልጁ ለኦሃዮ ስቴት አንድ ጨዋታ አልተጫወተም። በ1999 በቀጥታ ወደ ኤንቢኤ ተመረጠ። ገንዘቡ ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ፣ በሌላ ሰው ክስ ሰበብ አደባባይ ሊወጣ ሲል ኦብራየን በኤፕሪል 2004 ለአለቃው ነገረ። በጁን ተባረረ።

አሠልጣኙ ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ። በ2006 የኦሃዮ ፍርድ ቤት ዳኛ ለእሱ ፈረደለት፤ ካሳውም ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ በ2007 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። ፍርዱ የሚደንቀው ኦብራየን ውሉን አልጣሰም አለማለቱ ነው። ጥሷል፤ ጥሰቱ ግን ውሉን ከሥሩ የሚያናጋ አይደለም ነው ያለው። ውሉ ራሱ ስለ ማኅበሩ ምርመራ የሚናገር አንቀጽ ነበረው፤ አሠልጣኝ በደንብ ጥሰት የሚሰናበተው ማኅበሩ መርምሮ ከባድ ጥፋት ሲያገኝ መሆኑን ያመላክታል። ዩኒቨርሲቲው ያንን ሳይጠብቅ አባረረ። በእኛ አነጋገር ብንገልጸው ማሰሮው ተሰነጠቀ እንጂ አልተሰበረም። ውሃ የሚይዝ ማሰሮ የጣለ ሰው ማሰሮ ሰበራችሁብኝ ብሎ አይከስም።

እኔ በራሴ ሚዛን ስመዝነው ፍርዱ ሁለት ይሆንብኛል። ልጁ መጫወት እንደማይችል አሠልጣኙ በእርግጥ ካወቀ፣ የማንን ታማኝነት በላ? ያ 6,000 ዶላር ምንም አላተረፈለትም፤ እጅ የሰበሰበ ተቀናቃኝም አልተጎዳም። በዚህ በኩል ከሳምፕሰን ጥሪ ይልቅ ቀላል ነው፤ ደንቡ ግን የከፋ ቅጣት የሚያስከትል፣ ለረጅም ጊዜም ሳይነካ የቆየ ነበር። የደንብ ክብደትና የጥፋት ክብደት እንደማይገጥሙ ይህ ያሳያል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ዩኒቨርሲቲው ልጁ እንዲጫወት ይፈቀድለት ብሎ ለማኅበሩ ሲያመለክት ኦብራየን ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ አላለም። ለተቸገረ ቤተሰብ መስጠት ከደንብ ይበልጣል ብሎ ያመነ ሰው የሚገባበት በር ነበረው፤ እሱም መናገር ነው። ደንብን በግልጽ የሚጥስ ሰው የሌሎችን መታዘዝ አይበላም፤ ዋጋውን ከራሱ ኪስ ይከፍላልና። በስውር የሰጠ እጅ ግን ምጽዋት ይሁን መማለጃ ለማየት ለማንም ያስቸግራል፤ አንዳንዴ ለሰጪው ለራሱም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። እቁብ ሰው በፈቃዱ ይገባል። የስልክ ገደቡን ያወጡት ኮሌጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ አሠልጣኞቹም ደንቡን አክብረው ሊሠሩ በውል ፈርመዋል። ተጫዋቾቹን ግን እንዳይከፈላቸው የሚለው ደንብ ሲወጣ ማን ጠየቃቸው? ሳይጠየቅ እቁብ የተጻፈ ሰው መጣል ቢያቆም ከሃዲ ልንለው አንችልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 የተጫዋቾችን ጥቅም በሚመለከተው የአልስተን ጉዳይ 9 ለ 0 በኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ፤ በዚያው ዓመት ተጫዋቾች ከስማቸው ገቢ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ አንድ ኮሌጅ ለተጫዋቾቹ በቀጥታ መክፈል ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ትናንት ሥራ ያሳጣ 6,000 ዶላር ያህል ገንዘብ፣ ኮሌጁ ለተጫዋቹ ሲከፍለው፣ ዛሬ የሒሳብ ክፍል ተራ ወረቀት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ደንብ አለ፤ እኩዮች እርስ በርስ የሚተሳሰሩበትና ብርቱው ደካማውን የሚያስርበት። የመጀመሪያውን በስውር የጣሰ ሌባ ነው። ሁለተኛውን የጣሰ ላይሆን ይችላል። የአሠልጣኝ ችግሩ በሁለቱም ውስጥ መቆሙ ነው፤ ለልጁ አባት መሰል፣ ለባልደረቦቹ እኩያ፣ ለተቋሙ ቅጥር።

ተቋሙስ? መለኪያው ወደ ቀጪውም ይዞራል። ኢንዲያና ሳምፕሰንን ሲቀጥር የኦክላሆማው ምርመራ ምስጢር አልነበረም። ጅብን ከበግ ጋር ያሳደረ ሰው ሲነጋ ጅቡን ብቻ መክሰስ አይችልም። ኤንሲኤኤም ቢሆን ለማን እንደሚጠየቅ ግልጽ ያልሆነ ዳኛ ነው። በ1977 የላስ ቬጋሱ አሠልጣኝ ጄሪ ታርካኒያን ለሁለት ዓመት ይታገድ ሲል እሱ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ማኅበሩ የመንግሥት አካል አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ መንግሥትን የሚያስገድደው የፍርድ ሥርዓት እሱን አያስገድደውም አለ። ታርካኒያን ግን በክርክሩ ዓመታት ሥራው ላይ ቆይቶ በ1990 ዋንጫ አነሳ፤ በ1998 ማኅበሩ ራሱ ክርክሩን ለመዝጋት 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። የመታዘዝ ዕዳን የሚሰበስብ አካል ራሱ ለምንም የማይታዘዝ ከሆነ ሰዎች ዕዳቸውን መካድ ይማራሉ።

ማባረሩም ቢሆን ንጹሕ እጅ የለውም። ኢንዲያና በሳምፕሰን ምትክ ሌላ አሠልጣኝ አመጣ፤ የቀድሞው ቡድን ተበተነ፤ በቀጣዩ ዘመን 6 አሸንፎ በ25 ተሸነፈ። በዚያ ዘመን የተሸነፉት ልጆች ለማንም ያልደወሉ ናቸው። በአጥፊው ላይ የተወረወረ ድንጋይ ያላጠፋውን ማግኘቱ ቅጣቱን ስሕተት አያደርገውም፤ የወረወረው ሰው በኩራት እንዳይናገር ግን ያስገድደዋል።

ሳምፕሰን ቅጣቱን ጨርሶ በ2014 ወደ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ መጣ። በ2021 ቡድኑን እስከ መጨረሻዎቹ አራት አደረሰው፤ በኤፕሪል 2025 ለዋንጫ ተጫውቶ በፍሎሪዳ 65 ለ 63 ተሸነፈ። አድናቂዎቹ ይህን እያዩ ድሮስ ምን አጠፋ ይላሉ። ጠላቶቹ ደግሞ አሁንም ያንኑ ስልክ ያነሱበታል። ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል። ዕዳውን የከፈለ ሰው ዕዳ አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ ነበረበት ማለትም ዛሬም አለበት ማለት አይደለም። ሰው ተቀጥቶ መመለስ መቻሉ የጥፋቱን እውነትነት አይሰርዝም፤ ቅጣት ትርጉም የሚኖረው እንዲያውም መመለሻ ሲኖረው ነው።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን አንድ ሰው ስሙ አይነሳም። አሠልጣኙ ጠበቃ አለው፤ ዩኒቨርሲቲውም ጠበቃ አለው፤ ማኅበሩ መርማሪ አለው፤ ደጋፊው አፍ አለው። ቀኑ ስላልደረሰ ስልኩን መልሶ ያስቀመጠው፣ ልጁን ያጣው፣ ምናልባትም ቡድኑ ተሸንፎ በጸጥታ የተሰናበተው ሰው ግን የክስ መዝገብ የለውም። እሱን ያሰናበቱት ባለማሸነፉ ነው፤ ለምን እንዳላሸነፈ የጠየቀው የለም። አሠልጣኝ ይባረር አይባረር ብለን ስንፋለም የምንመዝነው የደዋዩን ዕጣ ብቻ ከሆነ፣ የፍርዱ ሚዛን አንዱ ጎኑ ባዶ ነው። እኔ በዚያ ባዶ ጎን ላይ ያልደወለውን ሰው አስቀምጬ ስመዝን አንዳንዱ ጥሪ ከባድ፣ አንዳንዱ ብድር ቀላል፣ አንዳንዱ ቀጪ ደግሞ ራሱ ባለ ዕዳ ሆኖ አገኘዋለሁ።